የአጎትህን ሴሊካ ግዛት፤ ሊብሬው ግን በስምህ ይዙር

ከጎንደር፣ ከማራኪ አካባቢ የደረሰኝ ደብዳቤ ረዘም ያለ ነው። ዋና ዋናውን አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 23 ነው። በአንድ የግል ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። አጎቴ ከአሜሪካ ሲመለስ ያስገባት ቶዮታ ሴሊካ አለችው። በፈረንጅ 1991 የተሠራች፣ ባለ ሁለት በር፣ መብራቷ ከኮፈኑ ውስጥ ብቅ የሚል ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ ልቤ እሷ ላይ ነው። አጎቴ አሁን ዕድሜው ስለገፋ በቅናሽ ሊሸጥልኝ ተስማምቷል። ያጠራቀምኩት ብር ለመኪናዋ ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ግን እጄ ላይ ምንም አይቀርም። ሁለት የመድን ድርጅቶችን ጠየቅሁ። አንዱ አሮጌ ናት ብሎ ሙሉ ሽፋን አልሰጥም አለኝ። ሌላው እሺ ቢልም ‹ስፖርት መኪና፣ ወጣት አሽከርካሪ› እያለ የጠራልኝ አረቦን አስደነገጠኝ። ጓደኞቼ ‹ሊብሬው በአጎትህ ስም ይቆይ፤ ውክልና ያዝና ሦስተኛ ወገን ብቻ ገብተህ ንዳ› ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ‹በቁሜ ልትቀብረኝ ነው› ብላ አኩርፋለች። ማርሚታዋንም ቀይሬ ትንሽ ድምፅ እንዲኖራት አስቤ ነበር። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ። መኪናዋን ግዛት። በአጎትህ ስም ግን አትንዳት። ያጠራቀምከውንም ጥርግ አድርገህ ለዋጋዋ አትክፈል። ለመድኑ፣ ለፍሬኑና ለጎማው የሚሆን ብር ሳይዙ ቁልፉን መቀበል ዕዳ መቀበል ነው። አጎትህ ሥጋህ ስለሆነ ከዋጋው የተወሰነውን በየወሩ እንድትከፍለው ጠይቀው። እምቢ ካለህ ጥቂት ወር ቆይ። ይህን ያህል ዓመት የጠበቅሃት መኪና የትም አትሄድም።

ስለ ውክልናው ልጀምር፤ ከጻፍከው ሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው። መኪና ገዝቶ በሻጩ ስም ለዓመታት መንዳት በአገራችን የተለመደ ነው። የስም ማዞሪያው ክፍያና ምልልሱ ሰውን ያስመርረዋል፤ ይገባኛል። ግን ሕጉ ምን እንደሚል ስማ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው ይላል፤ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም። አንተ ቀበሌ 18 ላይ አንድ እግረኛ ብትገጭ፣ ፍርድ ቤት የሚቆሙት አጎትህም ናቸው ማለት ነው። በስተርጅና ያለ ሰው፣ የወንድሙን ወይም የእህቱን ልጅ ደስ ላሰኝ ብሎ፣ ቤቱ ለካሳ እንዲያዝ ትፈልጋለህ? አትፈልግም።

ሌላም አለ። ውክልና በመርህ ደረጃ ወካዩ ሲሞት ያበቃል። አጎትህን ዕድሜ ይስጣቸው። ነገር ግን አንድ ነገር ቢሆኑ መኪናዋ በወረቀት የሳቸው ስለሆነች ውርስ ውስጥ ትገባለች። ከአጎትህ ልጆች ጋር «ከፍዬባታለሁ፣ አልከፈልክባትም» መባባል ይመጣል። ቤተሰብ በዚህ ሲለያይ አይቻለሁ። የመድን ካሳም ቢሆን የሚከፈለው ውሉ ላይ ስሙ ለሰፈረው ሰው ነው።

አረቦኑን ለማቅለል «ዋናው አሽከርካሪ አጎቴ ነው» ብሎ መሙላትንም አታስበው። የንግድ ሕጋችን መድን ገቢው የሚያውቀውን ነገር በትክክል እንዲናገር ያስገድዳል። ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። ይህ የሚታወቀው ደግሞ አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው፤ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ላይ የአሽከርካሪው ስምና ዕድሜ ሲጻፍ። በካሳ ሥራ ላይ ብዙ ዘመን ስለቆየሁ በዚህ ምክንያት የተመለሱ ፋይሎችን አውቃቸዋለሁ። አብዛኞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ጥቂት ብር ለማዳን ያሰቡ ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሽያጭ ውል፣ ቀጥሎ የስም ዝውውር፣ ከዚያ መድን በስምህ። የስም ማዞሪያውን ወጪ የመኪናዋ ዋጋ አካል አድርገህ ቁጠረው።

አሁን ወደ ሦስተኛ ወገን። «ሦስተኛ ወገን ብቻ ግባ» ሲሉህ ጓደኞችህ የነገሩህ ሕጉ የሚጠይቀውን ዝቅተኛውን ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ ያለዚህ መድን መንገድ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ቦሎም ያለ እሱ አይገኝም። ይህ መድን የተሠራው አንተ ለምትጎዳው ሰው ነው። ያንተ መኪና ብትጨማደድ፣ ብትቃጠል፣ ብትሰረቅ አንድ ሳንቲም አይሰጥህም። ለተጎዳው ሰው የሚከፍለውም ጣሪያ አለው። አዋጁ ሲወጣ ለሰው ሞት የተቀመጠው ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር፤ ለንብረት 100 ሺህ። ከዚያ ወዲህ ጣሪያው ከፍ ብሏል። ቢሆንም ዛሬ አንድ ደህና ፒክአፕን ከኋላ ብትገጨው የጥገናው ሂሳብ የት እንደሚደርስ ጋራዥ ገብተህ ጠይቅ። ፍርድ ቤት ከጣሪያው በላይ ከወሰነ ትርፉ ከደመወዝህ ነው።

በኔ ዕይታ ጭንቀትህ ቦታውን ስቷል። ሴሊካዋን ብታጣት ታዝናለህ፤ ከርመህ ታገግማለህ። ሰው ገጭተህ የማትወጣው ዕዳ ውስጥ ብትገባ ግን የ20ዎቹ ዕድሜህ በሙሉ ለካሳ ይሠራል። ስለዚህ ድርጅቶቹ ዘንድ ስትመለስ የመጀመሪያ ጥያቄህ «ለመኪናዬ ምን ትከፍላላችሁ?» አይሁን። «የሦስተኛ ወገን ጣሪያዬን ከሕጉ በላይ ከፍ ብታደርጉልኝ ስንት ትጨምሩብኛላችሁ?» በል። ቀጥሎ የአሽከርካሪና የተሳፋሪ ሽፋን ጠይቅ፤ እናትህ አጠገብህ ትቀመጣለችና።

መኪናዋን ራሷን ስለመሸፈን ደግሞ ሁለት መንገድ አለህ። አንዱ ሙሉ ሽፋን ነው። ሌላው ብዙ ሰው የማይጠይቀው መካከለኛው ነው፤ ሦስተኛ ወገን ከእሳትና ከስርቆት ጋር። የግጭት ጉዳት አይከፍልም፤ ብትሰረቅ ወይም ብትቃጠል ግን ይክሳል። ከሙሉው ይረክሳል። ዕድሜዋ ለገፋ መኪናም ድርጅቶች በቀላሉ ሊቀበሉት የሚችሉት እሱን ነው።

ሙሉውን ልትገባ ከሆነ ሁለት ነገር በጽሑፍ ሳታገኝ አትፈርም።

መጀመሪያ የመኪናዋ ዋጋ። አጎትህ ያስገቡባት ዋጋ ዛሬ ምንም አይነግርህም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወደደው። በ2016 ደግሞ መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ አገደ። አገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎች በዚህ ምክንያት ዋጋቸው ወጣ። አሁን ሰው አረቦን እንዲቀንስለት ብሎ የመኪናውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ያስመዘግባል። እንበልና ገበያ ላይ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ የምታወጣን መኪና በ600 ሺህ አስመዘገብህ። የ200 ሺህ ብር ጉዳት ደረሰባት። ድርጅቱ «ግማሹን ነው ያስመዘገብከው» ብሎ ግማሹን፣ 100 ሺህ፣ ይከፍልሃል። ከሱም ላይ ተቀናሹን፣ ማለትም ከጉዳቱ አንተ ራስህ የምትችለውን ድርሻ፣ ያነሳል። ሰው ይህን ሲሰማ ተጭበርበርኩ ብሎ ይጮኻል። ውሉ ላይ ግን ተጽፏል። ስለዚህ መኪናዋን ሁለት ሦስት ደላላ ይይልህ፤ ከተቻለም የመድን ገማች። ዋጋዋን ከዚያ ተነስተህ ሙላ፤ በየዓመቱ ስታድስም ከልሰው።

ሁለተኛው የመለዋወጫ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ስለ መኪናዋ ትንሽ ላውራ፤ ብዙ የመድን ሠራተኞችም የማያውቁት ነው። በፈረንጅ ከ1989 እስከ 1993 የተሠራችው አምስተኛዋ ሴሊካ ለአሜሪካ ገበያ ስትወጣ ከአንድ በላይ ሞተር ነበራት። ትንሹ 1.6 ሊትር፣ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው፣ የዚያን ዘመን ኮሮላ የሚነዳበት ነው። 2.2 ሊትሩ 5ኤስ-ኤፍኢ ደግሞ ከካምሪ ጋር አንድ ነው። ኮፈኑን ክፈትና የትኛው እንደሆነ አረጋግጥ፤ ከሊብሬው የሞተር ቁጥር ጋርም አስተያይ። የኮሮላው ከሆነ ደስ ይበልህ። ፓምፑ፣ ቺንጋው፣ ሻማው እዚሁ ጎንደር ይገኛል፤ ባይገኝ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይመጣል። የአካሏ ነገር ግን ሌላ ታሪክ ነው። ያ ብቅ የሚለው መብራት፣ ፓራውልቱ፣ ረጅሙ በር፣ የኋላው መስታወት ከየትኛውም ኮሮላ ላይ አይነቀልም። አንድ ባጃጅ ጥግህን ቢገጭህ የሞተሩን ያህል ወጪ መብራቱ ሊያስወጣህ ይችላል። ድርጅቱን እንዲህ ብለህ ጠይቅ፦ «ዕቃው አገር ውስጥ ፕሮፎርማ ካልተገኘለት በምን ዋጋ ታስባላችሁ? ለዕቃው እርጅና ስንት በመቶ ትቀንሳላችሁ?» መልስ የሌለው ድርጅት ሙሉ ሽፋን ሰጠኝ አትበል።

እነዚህን ሁለት መልሶች ካላገኘህ ምክሬ ግልጽ ነው። የእሳትና የስርቆቱን ግባ፤ ጣሪያህን ከፍ አድርግ፤ ከሙሉው አረቦን የተረፈህን ብር ለመብራትና ለፓራውልት ብለህ ለብቻው አስቀምጥ።

አረቦኑ ለምን እንዳስደነገጠህም ላስረዳህ። የመድን ሠራተኛው ወረቀት ላይ ያየው «ኩፔ (ባለ ሁለት በር)፣ 23 ዓመት፣ ሁለት ዓመት ልምድ» የሚል ነው። ብዙ ውሎች ዕድሜው ወይም ልምዱ ላነሰ አሽከርካሪ ተቀናሹን ከፍ ያደርጋሉ። ስንት እንደሆነ ጠይቅ፤ አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የምትከፍለው እሱን ነው። ከዚያ ስለ መኪናዋ እውነቱን ንገረው። 1.6 ከሆነች አዲስ ሳለች ጉልበቷ ወደ 100 ፈረስ ነበር። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 100 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስትወጣ ከኮሮላ አትቀድምም ማለት ነው። የሞተሩን መጠን፣ የመኪናዋን ፎቶ ከአራቱም አቅጣጫ፣ የመካኒክ የምርመራ ወረቀት ይዘህ ሂድ። ተቀናሹን በፈቃድህ ከፍ ካደረግህ አረቦኑ ሊወርድ ይችላል። ካሳ ሳትጠይቅ ዓመቱን ከጨረስክ የሚሰጥ ቅናሽ መኖሩንም ጠይቅ። ሁለት ድርጅት ደግሞ ጥቂት ነው፤ ጎንደር ውስጥ ቅርንጫፍ ያላቸውን ሁሉ አዳርስ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። መደበኛው የመኪና መድን በጦርነት፣ በሁከትና በመሰል ነገር የሚደርስን ጉዳት አይሸፍንም። በየትኛው አካባቢና በየትኛው ዘመን እንደምንኖር አንተም ታውቃለህ። የፖለቲካ ሁከት ሽፋን በተጨማሪ ክፍያ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ። ጠይቅና ወስን።

ቀጥሎ ሰርግ። ጥር ሲገባና ከፋሲካ በኋላ ስልክህ አያርፍም። ባለ ሁለት በር፣ መብራቷ ብቅ የሚል መኪና ለሙሽራ የማይፈልግ የለም። ለጓደኛህ ራስህ እየነዳህ ብታጅበው ደስ ይላል። ብር ተቀብለህ ካከራየሃት ግን መኪናዋ የግል፣ ኮድ 2 ናት፤ መድኗም ለግል አገልግሎት ነው የተገባው። ለኪራይ እያለች የደረሰን ጉዳት ድርጅቱ አልከፍልም ቢልህ መከራከሪያ አይኖርህም። «አንድ ዙር ልሞክራት» ለሚልህ ጓደኛም መልስህ አንድ ይሁን፤ አይሆንም። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ከነዳት ሽፋኑ የለም፤ ኃላፊነቱ ግን ከላይ ባልኩህ ሕግ ያንተ ነው። ጥምቀት ዕለት ደግሞ ከነጭራሹ ግቢ ትዋል። ወደ ፋሲለደስ መዋኛ የሚወርደው ሕዝብ መሐል ዝቅ ያለች መኪና ይዞ መግባት ለማንም አይበጅም።

አደጋ ቢደርስስ? እግዜር ይጠብቅህ፤ ግን አስቀድመህ እወቀው። የተጎዳውን ወደ ሕክምና አድርስ። ትራፊክ ፖሊስ ጥራ። ለድርጅቱ በዚያው ዕለት አሳውቅ። ከዚያ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። በእኛ አገር ሽምግልና ደም የሚያደርቅ፣ ቤተሰብ የሚያስታርቅ ትልቅ ነገር ነው፤ አክብረው። ሄደህ አስተዛዝን፣ ለቅሶ ድረስ፣ ይቅርታም ጠይቅ። ነገር ግን የመድን ድርጅቱ ሳያውቅ «ይህን ያህል እከፍላለሁ» ብለህ የዕርቅ ወረቀት ላይ አትፈርም። አብዛኛው ውል ያለ ድርጅቱ ፈቃድ የተገባን የክፍያ ቃል አይቀበልም። ሽማግሌዎቹን በአክብሮት «የመድኑ ሰው አብሮን ይቀመጥ» በላቸው። ይረዱሃል። ይህን ባለማወቅ ከኪሳቸው የከፈሉ ሰዎች ሐዘን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አይጠፋም።

ከመግዛትህ በፊት መካኒኩ ሞተሩ ላይ ብቻ እንዳይቆም። ሞተሯ ይነሳል፣ ይንጠራራል፣ ደስ ይልሃል። እኔን የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። ቁመቱ የሞተሩን ጉልበት ቢቀንስም የመኪናዋን ክብደት አይቀንስም። የፍሬን ሸራው፣ ዲስኩ፣ ከሁሉ በላይ የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹና ዘይቱ ይታዩ። ከ30 ዓመት በላይ የሆናት መኪና ላይ ቱቦዎቹ የመጀመሪያዎቹ ከሆኑ ሳትከራከር ቀይራቸው። ዘይቱ ውሃ ከሳበ በረጅም ቁልቁለት ላይ ይፈላል፤ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። ወደ ሊማሊሞ የመውረድ ሐሳብ ካለህ ይህን ሳትጨርስ አትሞክራት። ጎማዎቹንም አንብባቸው። ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚሉት ፊደላት ኋላ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ 2314 ካለ በፈረንጅ 2014፣ በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። አጎትህ ብዙ ስለማይነዷት ጎማው ጥርሱ ሙሉ ሊሆን ይችላል። ጥርስ ያለው አሮጌ ጎማ ግን ዝናብ ላይ፣ በተለይ ፒያሳ አካባቢ ባለው ኮብልስቶን ላይ፣ አይዝም። እነዚህን ወጪዎች ደምርና ወረቀቱን ለአጎትህ አሳያቸው። ከዋጋው ይቀንሱልህ ይሆናል።

እናትህን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሥጋቷ ከንቱ አይደለም። «ስፖርት መኪና» የሚለው ስም ነው ያስደነገጣት። አታባብላት፤ አሳያት። ስም የዞረበትን ሊብሬ፣ ጣሪያው ከፍ ያለበትን መድን፣ የተቀየረውን የፍሬን ቱቦ ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥላት። የመጀመሪያዎቹን ወራት በቀን ብቻ ንዳ፤ ይህንንም ቃል ግባላት፤ ጠብቀውም።

ማርሚታውን ተወው። ከሕጋዊው ምርመራ ጋር ያጣላሃል። የተቀየረ ነገር ሁሉ ለመድን ድርጅቱ መነገር አለበት፤ ሲነገር ደግሞ አረቦንህን ያንረዋል። ቀለሟንም መቀየር ከፈለግህ ሊብሬው ላይ ቀለሟ ስለተጻፈ አስቀድመህ ትራንስፖርት ቢሮ ሂድ። በዚያ ብር ግን እኔ ብሆን አራት አዲስ ጎማ ነበር የምገዛላት።